ቅዳሜ ቅዳሜ ጃፓንኛ ለምታስተምረው መምህርት፦ ድጋፉና ሥልጠናው ያለው የት ነው?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከአዳማ ነው። ጸሐፊዋ ረዘም አድርጋ ነው የጻፈችው፤ ዋና ዋናውን ብቻ አቀርባለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ። የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ዕድሜዬ 31 ነው፤ ማስተማር ከጀመርኩ ሰባት ዓመት አልፎኛል። ጃፓንኛን የተማርኩት በስልኬ፣ በራሴ ጥረት ነው። ደረጃዬ ገና ዝቅተኛ ነው። ሂራጋናና ካታካና የሚባሉትን የጃፓንኛ ፊደላት አነባለሁ፣ ካንጂ የሚባለውን ከቻይና የመጣ ጽሕፈት ትንሽ ትንሽ ጀምሬያለሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት በትምህርት ቤታችን ፈቃደኛ ለሆኑ ተማሪዎች በነጻ አስተምራለሁ። መጽሐፍ የለንም። ከስልኬ እየገለበጥኩ ሰሌዳ ላይ እጽፍላቸዋለሁ። በቅርቡ አንድ ሰው ‹የጃፓን ስኮላርሺፕ አስጨርስልሻለሁ› ብሎ የስድስት ወር ደሞዜን የሚያህል ብር ጠየቀኝ። ብድር ልጠይቅ እያሰብኩ ነው። ይሻላል? ወይስ ሥራዬን ለቅቄ ቋንቋው ላይ ላተኩር? ናይሮቢ ሄጄ የጃፓንኛ ፈተና ብወስድስ? ለቅዳሜ ተማሪዎቼ መጽሐፍ የሚሰጥ ድርጅት ይኖር ይሆን? ታናሽ እህቴም ሜሪላንድ ኮሌጅ ገብታ ጃፓንኛ ጀምራለች፤ ለእሷስ ምን አለ? የቅዳሜዋ መምህርት ነኝ።»

ውድ እህቴ፣

ከሁሉ በፊት አንገብጋቢውን እንጨርስ። ለሰውየው አንድም ብር እንዳትሰጪ። ብድሩንም ተዪው።

የጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ ለማመልከት ክፍያ የለውም። ማስታወቂያውን የሚያወጣው አዲስ አበባ ያለው የጃፓን ኤምባሲ ነው። ቅጹ በነጻ ይገኛል፣ የምትሞዪው ራስሽ ነሽ፣ ፈተናውንና ቃለ መጠይቁንም የሚያካሂደው ኤምባሲው ነው። መሀል ላይ ደላላ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። «ሰው አለኝ» የሚልሽ ካለ ወይ እየዋሸሽ ነው፣ ወይ ሌላ ነገር እየሸጠልሽ ነው።

ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ብዙ ወጣት የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ጃፓን ውስጥ የግል የቋንቋ ትምህርት ቤቶች አሉ። ደላላው እዚያ ያስመዘግብሽና «ስኮላርሺፕ» ይለዋል። ክፍያው ግን ከአንቺ ኪስ ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይፈጃል። ወጪሽን የሚችል ሰው መኖሩን የሚያሳይ የባንክ ማስረጃም ይጠየቃል። «እዚያ እየሠራሽ ትከፍያለሽ» ማለታቸው አይቀርም። በተማሪ ቪዛ የገባ ሰው ግን ፈቃድ አውጥቶም ቢሆን በትምህርት ጊዜ መሥራት የሚችለው በሳምንት 28 ሰዓት ብቻ ነው። በዚያ ገቢ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ የትምህርት ክፍያና የአዳማውን ብድር መሸፈን አይታሰብም። በራሱ ገንዘብ ሄዶ መማር የሚችል ሰው ካለ መንገዱ ሕጋዊ ነው፤ አልቃወምም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ጃፓን የቋንቋ ትምህርት ቤቶችን በትምህርት ሚኒስቴሯ በኩል የምታጸድቅበት ሕግ ሥራ ላይ ስለዋለ፣ የሚመዘገቡበት ትምህርት ቤት ከጸደቁት ውስጥ መሆኑን ማጣራት ይቻላል። አንቺ ግን ይህን መንገድ አያስፈልግሽም።

ለምን እንደማያስፈልግሽ ላስረዳሽ።

ደብዳቤሽን ሳነበው አንድ ነገር ከነከነኝ። ስለ ጃፓንኛሽ ደረጃ ብዙ ተጨንቀሽ ጽፈሻል። ሰባት ዓመት ማስተማርሽን ግን በአንድ መስመር አልፈሽዋል። እንደ ተማሪ ከታየሽ ገና ጀማሪ ነሽ፤ ከአንቺ የተሻለ ጃፓንኛ የሚያውቅ ወጣት አዲስ አበባ ውስጥም አይጠፋም። እንደ መምህርት ከታየሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሰባት ዓመት የክፍል ልምድ አለሽ፣ በሥራ ላይ ነሽ፣ ማንም ሳያዝሽ ቅዳሜሽን ሰጥተሽ አዲስ ትምህርት ጀምረሻል። ማመልከት ያለብሽ በዚህ ማንነትሽ ነው።

በጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ፣ በተለምዶ ሜክስት በሚባለው፣ ውስጥ ብዙ ዘርፎች አሉ። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ያለ ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው የመጀመሪያ ዲግሪውንና የምርምሩን ነው። ለአንቺ የተሰፋው ግን «የመምህራን ሥልጠና» የሚባለው ዘርፍ ነው። የአንደኛ ወይም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራንን፣ የመምህራን ማሠልጠኛ አስተማሪዎችንና የትምህርት አስተዳደር ባለሙያዎችን ይቀበላል። ዕድሜ ከ35 በታች፣ ልምድ ቢያንስ አምስት ዓመት ይፈልጋል። ሁለቱንም ታሟያለሽ። ጊዜው እስከ አንድ ዓመት ተኩል ነው። የመጀመሪያው ስድስት ወር አካባቢ የጃፓንኛ ትምህርት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፋኩልቲ ውስጥ ሥልጠናው ይቀጥላል። የትምህርት ክፍያና የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ቲኬት ይሸፈናል። በቅርብ ዓመታት በወጡት ማስታወቂያዎች ላይ ወርሃዊ አበሉ 143,000 የን ነበር።

ጃፓንኛ ጨርሶ የማያውቅ ሰውም ማመልከት ይችላል፤ ለመማር ፈቃደኛ መሆን ነው የሚፈለገው። ሆኖም ከቋንቋው ኮርስ በኋላ ያለው ሥልጠና በአብዛኛው በጃፓንኛ ስለሚሰጥ፣ አሁን የያዝሽው ፊደልና ጥቂት ሰዋስው ትልቅ ጥቅም አለው። ቃለ መጠይቅ ላይ ራስሽን በሦስት ዓረፍተ ነገር በጃፓንኛ ማስተዋወቅ ከቻልሽ ቅንነትሽን ማንም አይጠራጠርም።

ይሄ ፕሮግራም ዲግሪ እንደማይሰጥ ግን ከአሁኑ ዕወቂ። ስትጨርሺ የምታገኚው የምስክር ወረቀት ነው። ጊዜውንም ማራዘም አይቻልም። ማስተርስ ነው የምፈልገው ካልሽ የምርምር ዘርፉ አለ፤ እሱም ከ35 ዓመት በታች ይላል፣ የመጀመሪያ ዲግሪና ጠንካራ የምርምር ዕቅድ ይጠይቃል፣ ፉክክሩም የጦፈ ነው። ለአንቺ የመምህራኑን አስቀድማለሁ። ዕድሜሽ 31 ነው፤ ዘንድሮ ባይሳካ ሁለተኛ መሞከሪያ ጊዜ አለሽ። 35 ስትሞዪ ግን በሩ ይዘጋል።

ሥራሽን ስለመልቀቅ ለጠየቅሽው ከዚህ በላይ መልስ የለኝም። ዘርፉ የሚቀበለው በሥራ ላይ ያለ መምህርን ነው። መልቀቂያ ያስገባሽ ቀን ትልቁን ካርድሽን ጣልሽው ማለት ነው።

የምርምርና የመጀመሪያ ዲግሪ ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከሚያዝያ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። የመምህራኑ ግን ቀደም ይላል፤ በታኅሣሥና በየካቲት መካከል መጠበቅ ጥሩ ነው። ቀኑ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ ሁሉም ዘርፍ በየዓመቱ ላይከፈትም ይችላል። ስለዚህ ከኅዳር ጀምሮ የኤምባሲውን ድረ ገጽና ፌስቡክ በየሳምንቱ እያየሽ ቆዪ። ማስታወቂያው ወጥቶ እስኪዘጋ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ወረቀቱን ከዚያ በኋላ ማሰባሰብ የጀመረ ሰው አይደርስም።

ወረቀት ካነሳን አይቀር፣ የእኛ አገር አመልካች የሚቸገርበትን ልንገርሽ። አንደኛው የስም ነገር ነው። ፓስፖርትሽ ላይ፣ ዲግሪሽ ላይና የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ ላይ ስምሽ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት መጻፉን አረጋግጪ። አንዱ ላይ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው ላይ በሁለት «ኤስ» ከሆነ አሁን አስተካክዪው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ ደግሞ ግራ አትጋቢ፤ ፓስፖርትሽ ላይ በዚያ ቦታ የተጻፈውን እንዳለ ገልብጪ። ሁለተኛው የልደት ቀን ነው። የዕድሜ ገደቡ የሚቆጠረው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ነው። መታወቂያሽ ላይ ያለው በእኛ አቆጣጠር፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለው በስህተት የተቀየረ ከሆነ ጣጣ ያመጣል። ሦስተኛው የሥራ ልምድ ደብዳቤው ነው። «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን አገልግላለች» ብሎ የሚያቆም ደብዳቤ አይጠቅምሽም። ምን ትምህርት፣ ለስንተኛ ክፍል፣ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደምታስተምሪ ይጻፍበት። ርዕሰ መምህሩን ወይም ርዕሰ መምህርቷን ቀርበሽ አስረጂ። የቅዳሜው ትምህርትም በዚያው ደብዳቤ ውስጥ ይጠቀስ፤ ለሱ ሌላም ምክንያት አለኝ፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

አሁን ከሁሉ በላይ ጊዜ ልትሰጪው ወደሚገባው ነገር ልግባ፤ የጥናት ዕቅዱ። «በጃፓን ምን ማጥናት ትፈልጊያለሽ?» የሚለው ቦታ ላይ ብዙ ሰው የሚጽፈው እንዲህ ያለውን ነው፦

«ጃፓን በቴክኖሎጂ ያደገች አገር ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ የጃፓንን ባህል እወዳለሁ። እዚያ ሄጄ ዘመናዊ የማስተማር ዘዴ ቀስሜ አገሬን ማገልገል እፈልጋለሁ።»

ውሸት የለውም። ግን ማንም ሊጽፈው ይችላል። አንብቦ የጨረሰው ሰው ስለ አንቺ ምንም አላወቀም። አሁን ይሄን እዪ፦

«አንድ ክፍል ውስጥ ከስልሳ በላይ ተማሪዎች አሉኝ። ድርሰት ሳጽፍ የሁሉንም ደብተር ማረም አልችልም፤ እርማት የሚያገኙት ፊት የተቀመጡት ናቸው። ጃፓን ውስጥ መምህራን አንዱ የሌላውን ክፍል ገብተው አይተው፣ ትምህርቱን አብረው የሚያሻሽሉበትን አሠራር በቅርብ ማጥናት እፈልጋለሁ። ስመለስ ከትምህርት ቤቴ የእንግሊዝኛ መምህራን ጋር በዘጠነኛ ክፍል የጽሑፍ ትምህርት ላይ ለአንድ ሴሚስተር እሞክረዋለሁ።»

ልዩነቱ የታወቀ ችግር፣ የታወቀ ክፍልና የታወቀ ዕቅድ መያዙ ነው። እዚህ ላይ የጠቀስኩት አሠራር ጃፓኖች ጁግዮ ኬንክዩ የሚሉት ነው። አንዷ መምህርት ትምህርቷን ከባልደረቦቿ ጋር ታቅዳለች። ስታስተምር እነሱ ከኋላና ከጎን ቆመው ተማሪዎቹን ይመለከታሉ፤ ማን ገባው፣ ማን የቱ ጋ ቆመ የሚለውን ይጽፋሉ። ከዚያ ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ። የሚተቸው ትምህርቱ እንጂ መምህርቷ አይደለችም። ከእኛ ሱፐርቪዥን ጋር አወዳድሪውና ልዩነቱን ታዪዋለሽ። ሌላው የሰሌዳ አጠቃቀማቸው ነው። ጥሩ የጃፓን መምህር ክፍለ ጊዜው ከመጀመሩ በፊት ሰሌዳው መጨረሻ ላይ ምን እንደሚመስል ወረቀት ላይ ነድፎ ይገባል። መሀል ላይ በዳስተር አይጠርገውም። ጥያቄው በግራ፣ የተማሪዎቹ ሐሳብ መሀል፣ የተደረሰበት ነገር በቀኝ ይሆንና ደወሉ ሲደወል የትምህርቱ ጉዞ በሙሉ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ይገኛል። መጽሐፍ ለሌለው ክፍል ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከነዚህ አንዱን ይዘሽ ከራስሽ ክፍል ችግር ጋር ካያያዝሽው ጥሩ ዕቅድ ይወጣዋል።

እስካሁን ያወራነው ስለ መምህርነትሽ ነው። ጃፓንኛ ስለማስተማርሽስ?

እዚህ ላይ ማወቅ ያለብሽ ድርጅት ጃፓን ፋውንዴሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመ ሲሆን፣ ከሥራዎቹ አንዱ ጃፓንኛ በውጭ አገር እንዲስፋፋ መደገፍ ነው። ሁለት ማሠልጠኛ ተቋማት አሉት። አንዱ ከቶኪዮ በስተሰሜን ሳይታማ ውስጥ፣ ኡራዋ የሚገኝ ሲሆን የውጭ አገር የጃፓንኛ መምህራንን ያሠለጥናል፤ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ እየሠራ ነው። ሌላው ኦሳካ አቅራቢያ ያለው የካንሳይ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተ ሲሆን የሚያሠለጥነው ተማሪዎችን፣ ተመራማሪዎችን፣ ዲፕሎማቶችንና የመንግሥት ሠራተኞችን ነው። ይህን ዓምድ የምታነቡ የውጭ ጉዳይ ሠራተኞች ካላችሁ፣ የዲፕሎማቶቹ ሥልጠና ወራት የሚወስድና ቋንቋውን ከዜሮ የሚያስጀምር ስለሆነ ኤምባሲውን ጠይቁ።

የኡራዋው ለአንቺ ገና ነው። እዚያ የሚገባው በአንድ ተቋም ውስጥ ጃፓንኛ የሚያስተምርና ሥልጠናውን በጃፓንኛ መከታተል የሚችል ሰው ነው። ተቋሙም ሊመሰክርለት ይገባል። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ልትደርሺበት የምትችዪው ቦታ ነው። ልትደርሺ የምትችዪው ግን የቅዳሜው ትምህርት ከዛሬ ጀምሮ ወረቀት ላይ ካለ ብቻ ነው።

«መጽሐፍ የሚሰጥ ድርጅት አለ ወይ?» ላልሽው መልሱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጃፓን ፋውንዴሽን ጃፓንኛ ለሚያስተምሩ ተቋማት ድጋፍ አለው። ለማስተማሪያ ቁሳቁስ፣ ለአስተማሪ አበል፣ ለንግግር ውድድርና ለመሳሰሉት ያግዛል። የራሱ ቢሮ በሌለባቸው አገሮች ማመልከቻው የሚገባው በጃፓን ኤምባሲ በኩል ነው። ለትርፍ ያልቆመ ተቋም መሆን ያስፈልጋል። ለግለሰብ አይሰጥም። ስለዚህ «እኔ» ብለሽ ካመለከትሽ መልሱ ከወዲሁ ይታወቃል። «ትምህርት ቤታችን» ብለሽ ማመልከት አለብሽ።

ስለዚህ የቅዳሜውን ትምህርት የትምህርት ቤቱ አድርጊው። አሁን ያለው በአንቺ ጫንቃ ላይ ብቻ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ብታመሚ ትምህርቱ የለም። ርዕሰ መምህሩን አነጋግሪና እንደ ስፖርቱና እንደ ሚኒ ሚዲያው ክበብ ሆኖ ይመዝገብ። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይኑርሽ። የተማሪዎቹን ስም፣ የመጡበትን ቀን፣ የተማሩትን ርዕስ የምትመዘግቢበት አንድ ደብተር ያዢ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ቀለል ያለ ፈተና ስጪና ውጤቱን አስቀምጪ። በፎቶ ደረጃ አንድ ሁለት ይበቃል፤ የልጆቹን ወላጆች ሳታስፈቅጂ ግን ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፊ።

ከዚያ ለኤምባሲው የባህልና የትምህርት ክፍል አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፊ። መጀመሪያ ገንዘብ አትጠይቂ። ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንደምትማሩ፣ ስንት ተማሪ እንዳለ፣ ምን እያስተማርሽ እንደሆነ ግለጪ። ከዚያ «የጃፓን ፋውንዴሽን የተቋማት ድጋፍ ለሚቀጥለው ዓመት መቼ ይከፈታል? የእኛ ዓይነት ክበብ ማመልከት ይችላል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። የጃፓን የበጀት ዓመት ከኤፕሪል እስከ ማርች ስለሆነ ለቀጣዩ ዓመት የሚደረገው ጥሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በፊት ባሉት ወራት ነው። ደብዳቤሽ መስከረም ላይ ቢደርሳቸው ጥሩ ነው። መልስ ቢዘገይ አትቀየሚ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ በትሕትና አስታውሻቸው። በዓመቱ ውስጥ የሚያዘጋጁት የባህል ዝግጅት ካለ ተማሪዎችሽን ይዘሽ ሂጂ። ፊትሽን ይወቁት።

ድጋፉ እስኪመጣ ግን ቁጭ ብለሽ እንዳትጠብቂ። ጃፓን ፋውንዴሽን ያዘጋጀው ኢሮዶሪ የሚባል መማሪያ አለ። መጽሐፉም ድምፁም ሙሉ በሙሉ በነጻ ከኢንተርኔት ይወርዳል። ከጀማሪ ተነስቶ ሱቅ ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ ሥራ ቦታ በሚነገረው ጃፓንኛ ላይ ያተኩራል። ትምህርት ቤታችሁ ማባዣ ካለው በየሳምንቱ ሁለት ገጽ ማባዛት ይቻላል። ለራስሽ ደግሞ ሚናቶ የሚባለው የኦንላይን መማሪያው አለ። ምዝገባው ነጻ ነው፤ በራስ የሚጠኑት ኮርሶችም ነጻ ናቸው። ኮርስ ስትጨርሺ የማጠናቀቂያ ወረቀት ታገኛለሽ። ትልቅ ሰርተፊኬት ነው ብዬ አላጋንነውም፤ ግን «በራሴ ነው የተማርኩት» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ጎን ስትለጥፊው ቃልሽ ማስረጃ አገኘ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄን በጣም ስለማምንበት ነው። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የጃፓንኛ ማስተማሪያ ለአማርኛ ተናጋሪ አይመችም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚቸገርበት ቦታና እኛ የምንቸገርበት ቦታ ይለያያል። ለምሳሌ «ቡና እጠጣለሁ» ስንል ግሱ መጨረሻ ላይ ነው፤ ጃፓንኛም እንዲሁ ነው። «ቡናን» ስንል የምንጨምራት «ን» የምትሠራውን ሥራ እዚያ «ኦ» ትሠራዋለች። ለተማሪዎችሽ ይሄን በአምስት ደቂቃ ታስረጃቸዋለሽ፤ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ራስ ምታት ነው። ማጥበቅና ማላላትም እንዲሁ። እኛ «ገና» ስናላላና ስናጠብቅ ልዩነቱን እንሰማለን። ጃፓንኛ «ኪቴ» ሲላላ «ና» ሲሆን፣ ሲጠብቅ ደግሞ ቴምብር ነው። ልጆችሽ ወዲያው ይይዙታል። የሚቸገሩት አናባቢው ሲሳብ ነው። «ኦባሳን» አክስት ናት፤ «ባ» ስትረዝም አያት ትሆናለች። አማርኛ ውስጥ ይሄ ልዩነት ስለሌለ ጆሯችን አይለየውም። ብዙ ልምምድ የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

እንዲህ ያሉትን ነገሮች አንቺ በየቅዳሜው እያየሻቸው ነው። ጻፊያቸው። ልጆቹ የቱ ጋ እንደሚሳሳቱ፣ በምን ብታስረጃቸው እንደገባቸው በደብተርሽ ላይ አስፍሪ። በአንድ ዓመት ውስጥ ለአማርኛ ተናጋሪ ጀማሪ የሚሆን የሠላሳ ገጽ የማስተማሪያ ማስታወሻ ይኖርሻል። ቶኪዮ ያለ ባለሙያ ይህን ሊጽፍ አይችልም። ድጋፍ ስትጠይቂ የምታያይዢው፣ ኡራዋ ለመግባት ስታመለክቺ የምታሳዪው እሱን ነው።

ናይሮቢ ስለመሄድ። የጃፓንኛ ቋንቋ ብቃት ፈተና ኤን5 ከሚባለው ዝቅተኛ ደረጃ እስከ ኤን1 አምስት ደረጃ አለው። ናይሮቢም ካይሮም ይሰጣል። ማንበብና ማዳመጥ እንጂ መናገር አይፈተንበትም። አሁን ባለሽበት ደረጃ ለኤን5 ብለሽ የአውሮፕላን፣ የሆቴልና የምዝገባ ወጪ ብታወጪ የሚከፈት በር አላይም። የመምህራን ሥልጠናው አይጠይቀውም። የክበብ ድጋፉም አይጠይቀውም። ገንዘብሽን ያዢ። ኤን4 ወይም ኤን3 የሚያስፈልግበት ጊዜ ይመጣል፤ በተለይ ኡራዋን ስታስቢ። ያኔ ሂጂ። የናሙና ጥያቄዎቹን ግን ከፈተናው ድረ ገጽ በነጻ ማግኘት ስለምትችዪ ቤትሽ ሆነሽ በሰዓት ራስሽን ፈትኚ።

ምናልባት ከፌስቡክ አይተሽው ከሆነ፣ ጃፓን በቅርቡ ለጃፓንኛ መምህራን ብሔራዊ የብቃት ምዝገባ ጀምራለች፤ የመጀመሪያው ፈተና የተሰጠው በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ነበር። እሱ የሚመለከተው ጃፓን ውስጥ በጸደቁ የቋንቋ ትምህርት ቤቶች ለሚያስተምሩ ነው። አዳማ ላይ ለማስተማር አያስፈልግሽም፤ «ያለዚህ ማስተማር አትችዪም» ብሎ ኮርስ ሊሸጥልሽ የሚመጣ ካለ አትስሚው። በጃፓንኛ ቋንቋ ዲግሪ እየተማሩ ላሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚሰጠው የአንድ ዓመት የሜክስት ዕድልም አንቺን አይመለከትም። ኤቢኢ ኢኒሼቲቭ የሚባለው የጃይካ፣ ማለትም የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት፣ የማስተርስ ዕድል ጥሩ ፕሮግራም ነው፤ ትምህርቱ ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ትኩረቱም ከንግድና ከኢንዱስትሪ ጋር ስለሆነ ከአንቺ መንገድ ይርቃል።

ወደ ሜሪላንዷ እህትሽ ልምጣ። የእሷ መጀመሪያ ጥያቄ «ምን ዕድል አለ?» ሳይሆን «ዜግነት አለኝ ወይስ ግሪን ካርድ?» የሚለው መሆን አለበት። ክሪቲካል ላንጉዊጅ ስኮላርሺፕ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የቋንቋ ፕሮግራም ጃፓንኛን ያካትታል፤ የሚቀበለው ግን የአሜሪካ ዜጎችን ነው። ዲግሪዋን ስትጨርስ ወደ ጃፓን ሄዳ ትምህርት ቤት ውስጥ በረዳት አስተማሪነት የምትሠራበት ጄት የሚባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ አለ፤ በአሜሪካ በኩል ለማመልከት እሱም ዜግነት ይጠይቃል። ግሪን ካርድ ላይ ከሆነች ወደ ኮሌጇ የውጭ ትምህርት ቢሮ ትሂድ። ኮሌጁ ከጃፓን ዩኒቨርሲቲ ጋር የልውውጥ ስምምነት ካለው፣ የሚቀበላት ዩኒቨርሲቲ ጃሶ በሚባለው የጃፓን የተማሪዎች ድጋፍ ድርጅት በኩል ለአበል ሊያጫት ይችል እንደሆነ ትጠይቅ። ሜክስትን ካሰበች ደግሞ ማመልከት ያለባት በዜግነቷ አገር ባለው የጃፓን ኤምባሲ በኩል እንደሆነ ትወቅ፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዘች ከአዲስ አበባው ጋር ነው ጉዳይዋ። የብቃት ፈተናውን እሷ ብዙ ሳትጓዝ ልትወስድ ትችላለች፤ እዚያ በየዓመቱ በዲሴምበር በተለያዩ ከተሞች ይሰጣል፣ የሚያስተዳድረውም የአሜሪካ የጃፓንኛ መምህራን ማኅበር ነው።

አንቺ ግን ከሰኞ ጀምረሽ ሁለት ነገር አድርጊ። ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገብተሽ ስለ ክበቡ ተነጋገሪ። ፓስፖርትሽ ጊዜው ያለፈ ወይም ጨርሶ ያልወጣ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ አሁኑኑ አስይዢ፤ የሱ ወረፋ ከሁሉም ይረዝማል። የጥናት ዕቅድሽን የመጀመሪያ ረቂቅ ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ አንብቤ በጽሑፍ እመልስልሻለሁ።